ስፓርክስቴሽን ሲዲ አንባቢውን እያወቀው ከሲዲ የማይነሳው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ የገጠመህ ነገር ከሰን ኩባንያ የድሮ ኮምፒውተሮች ጋር የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ ነው። ስፓርክስቴሽን 5 በተባለው የሰን ኮምፒውተር ላይ የሌላ ኩባንያ ስካዚ (ዲስኮችንና አንባቢዎችን በአንድ መስመር የሚያገናኝ ዘዴ) ሲዲ አንባቢ አያይዘሃል፤ የተያያዙትን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን «ፕሮብ-ስካዚ» ትእዛዝ ስትሰጥ የአንባቢው ስም ይወጣል፤ ከሲዲ እንዲነሳ «ቡት ሲዲሮም» ስትል ግን ዲስኩ ጥቂት ተሽከርክሮ ስህተት ይመጣል። አንባቢውን የሸጠልህ ሰው «ስካዚ ሁሉ አንድ ነው» ማለቱ አይገርመኝም፤ ሁሉም እንዲያው ነው የሚሉት።

አንባቢው ጤነኛ ነው፤ እሱና ኮምፒውተሩ ያልተግባቡት በብሎክ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚነበበው የመረጃ ቁራጭ፣ መጠን ነው። ለግል ኮምፒውተርና ለማኪንቶሽ የሚሠሩ አንባቢዎች ኤሌክትሪክ ሲያገኙ 2048 ባይት ብሎክ ይዘው ይነሳሉ። የሰን ቡት ፕሮም (ማሽኑን የሚያስነሳው በቺፕ ላይ ያለ ፕሮግራም) ግን ሲዲውን እንደ ሃርድ ዲስክ ስለሚያየው በ512 ባይት ይቆጥራል። ፕሮሙ 100ኛውን ብሎክ ሲጠይቅ ከመነሻው 51,200 ባይት ላይ ያለውን ፈልጎ ነው፤ አንባቢው ደግሞ 204,800 ላይ ሄዶ የማይመለከተውን ያመጣለታል። «ፕሮብ-ስካዚ» ስም ብቻ ስለሚጠይቅ ይህን አያጋልጥም። የሰንን ስርዓተ ክወና ሶላሪስን ከሃርድ ዲስክ ብታስነሳ ያው ሲዲ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ አንባቢውን የሚያዝዘው የሶላሪስ ድራይቨር ልዩነቱን ያስተካክለዋልና።

ስለዚህ ማሽኑን አጥፍተህ የአንባቢውን ጀርባ ተመልከት። የፕሌክስቶር ስካዚ አንባቢዎች ላይ የስካዚ መለያ ቁጥሩን ከሚወስኑት ጃምፐሮች (ፒኖችን የሚያገናኙ ትንንሽ መሰኪያዎች) አጠገብ «ብሎክ» የሚል አለ፤ ቦታውን ቀይረህ ሞክር። አንዳንድ የቶሺባ ሞዴሎች ግን ጃምፐር የላቸውም፤ ሰሌዳው ላይ መበየድ ይጠይቃሉ። እጅህ ካልለመደ አትንካው፤ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

መለያ ቁጥሩንም 6 አድርገው፤ «ቡት ሲዲሮም» የሚፈልገው እዚያ ነው። 3 የሃርድ ዲስኩ ነው፤ 7 ደግሞ የራሱ የመቆጣጠሪያው። ተርሚኔተር (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋ ዕቃ) ዕቃዎቹ በተያያዙበት የስካዚ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ይሁን። አንባቢው በውጭ ሳጥን ውስጥ ሆኖ የራሱ ተርሚኔተር ከበራና ሳጥኑ ጀርባ ላይም ሌላ ከተሰካ፣ አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ የሚል ብልሽት ታመጣለህ። ያ ደግሞ ከብሎኩ ይልቅ ራስ ያዞራል።

ሲዲው በቤት የተቀዳ ከሆነም ተጠንቀቅ። የዚያ ዘመን አንባቢዎች ተደጋግሞ የሚጻፈውን ሲዲ ብርሃን የመመለስ አቅሙ ስለሚያንስ አያነቡትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፈውን፣ ያውም በዝግታ የተቀዳውን ተጠቀም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ሲዲውን ተወውና በኔትወርክ ለማስነሳት «ቡት ኔት» በል። አንድ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ራርፕ (አድራሻ የሚሰጥ)፣ ቲኤፍቲፒ (የማስነሻ ፋይሉን የሚልክ)፣ ቡትፓራምስ (ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚነግር) እና ኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን የሚያጋራ) የተባሉትን አገልግሎቶች ካዘጋጀህ ማሽኑ በኔትወርክ ይነሳል። ዝግጅቱ አንድ ምሽት ቢፈጅብህም ጃምፐር ከመፈለግ ትገላገላለህ።