እንጉዳይ ከመዝራታችሁ በፊት ጭዱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች፤

ልጆቼ፣ በግብርና ባለሙያነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ አንዳንዶቻችሁ በማኅበር ተደራጅታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ለየብቻችሁ፣ ስለ ኦይስተር እንጉዳይ ልትጠይቁኝ ወደ ቤቴ ትመጣላችሁ። መምጣታችሁ ደስ ይለኛል። ይሁንና የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ «ኪሎው ስንት ይሸጣል?»፣ ሁለተኛው ደግሞ «ዘሩ ከየት ይገኛል?» ሲሆን፣ ዘሩ የሚመገበው ነገር ከየት እንደመጣ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚሁ ምክንያት ነው።

«ተረፈ ምርት በነጻ ይገኛል» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን በወሎ ገጠር በነጻ የሚገኝ ተረፈ ምርት ብዙም አላየሁም። የጤፍ ጭድ የበሬው ቀለብ ነው፤ ቤት ሲመረግም ከጭቃው ጋር ይቦካል። የቃሉ ወረዳ ገበሬ የማሽላ አገዳውን ለከብት ይሰጠዋል፣ ይማግደዋል፣ ያጥርበታል። ስለዚህ ጭድ የምትገዙ ከሆነ አውድማ በሚነሣበት ወቅት፣ ዋጋው ሳይንር ግዙና ዝናብ በማይነካው ቦታ ከምሩት፤ አንድ ጊዜ ርሶ የሻገተ ጭድ ሌላ ባለቤት ይዟልና ለእንጉዳይ አይሆንም። በእርግጥ የሚጣለው ነገር ያለው ከተማ ውስጥ ነው፦ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ፣ የጥጥ ብጥስጣሽ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የሙዝ ቅጠል፣ የቡና ገለፈት።

ከተማ የሚጥለው ነገር ግን ታሪክ አለው። ይህ እንጉዳይ በባሕርዩ የሞተ እንጨት የሚበላ ፍጥረት ነው፤ ነጩ ድሩ እየተዘረጋ ሊግኒንና ሴሉሎስ የሚባሉትን የዕፅዋት አካል ገንቢዎች አፍርሶ ይመገባል። ታዲያ የሚመገበውን ብቻ አይወስድም። በሚበቅልበት ነገር ውስጥ ካድሚየም ወይም ሊድ የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ካሉ፣ እነሱንም ወደ ፍሬው፣ ማለትም ወደምንበላው ክፍል፣ ይስባል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጥጥ ተረፈ ምርት ከፈትል ክፍል ሲወጣና ማቅለሚያ ወይም የማሽን ዘይት ሲነካው አንድ አይደለም። ቀለም የተቀባ፣ ሙጫ የበዛበት ወይም የምስጥ መድኃኒት የጠጣ እንጨት ሰጋቱራም እንዲሁ ነው። ሻጩ ከየት እንዳመጣው በግልጽ ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ በነጻ ቢሰጣችሁም ተዉት።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። መጀመሪያ በሞከርኩበት ጊዜ ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ ጆንያ አስጭኜ ከዘር ጋር አርባ ላስቲክ ሞላሁ። ሃያ ቀን ቆይቼ ባየው ነጩ ድር ከዘሩ ቅንጣት አንድ ጣት እንኳ አልራቀም። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ሰጋቱራው አብዛኛው የጥድ ነበር። አባቶቻችን ለአጥር ጥድ የሚመርጡት ስለማይበሰብስ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የማይበሰብስ እንጨት ደግሞ እንጉዳይ የማይበላው እንጨት መሆኑን ለማሰብ ግን ዲፕሎማዬ አልረዳኝም።

ጥሬ ዕቃው ከታወቀ በኋላ ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ አይረቅም። ጭዱን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቆራርጡት፣ አርሱት፣ ከዚያም በበርሜል ከ65 እስከ 80 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አቆዩት። እየተንተከተከ መፍላት የለበትም፤ ዓላማው ተቀናቃኝ ሻጋታዎችን ማዳከም ነው። «ምርት ይጨምራል» ብላችሁ ፉርሽካ ብትቀላቅሉበት ግን ይህ ሙቀት አይበቃም፤ እንጉዳዩን የሚያወፍረው ፉርሽካ ሻጋታውንም ያወፍረዋልና ለጀማሪ አልመክረውም።

ከሁሉ በላይ እርጥበቱን ለመለካት እጃችሁን እመኑ። ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ አንድ እፍኝ ጭድ አንሡና በኃይል ጨብጡት። በጣቶቻችሁ መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከወረደ ብዙ ነው፣ ላስቲኩ ሥር ውኃ አቁሮ ይሸታል፤ ጨርሶ ካልወጣ ደግሞ ድሩ መንገድ ላይ ይቆማል። እጅን በሳሙና ታጥቦ አልኮል መቀባትንም እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ጭዱ ከ30 ዲግሪ በታች ሳይቀዘቅዝ ዘር መጨመር ዘሩን መቀቀል ነው። ከርጥቡ ጭድ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ያህል ዘር ይበቃል።

ስለ አየሩ ብዙ አልልም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ድሩ ሙቀት ይወድዳል፣ ፍሬው ቀዝቀዝ ያለ አየር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት በየጊዜው የምትወጡና የምትወርዱ ሰዎች፣ ላስቲኩን ድሩ ነጭ እስኪያለብሰው ኮምቦልቻ አቆይታችሁ ፍሬውን ደሴ ብታወጡት ምን ይመስላችኋል? እንደ ቀልድ ያነሣሁት ነው፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የፍሬው እግር ረዝሞ ባርኔጣው ካነሰባችሁ ውኃ አትጨምሩ፤ ክፍሉ ስለታፈነ ነውና መስኮት ክፈቱ። የባርኔጣው ጠርዝ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ልቀሙት፣ ለቀማ ስትገቡም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ከፍሬው የሚበተነው ደቃቅ ዱቄት ሳንባ ያስቆጣል።

ገበያውን በተመለከተ፣ እናቶቻችን «የጅብ ጥላ» ብለው ሲሸሹት የኖሩትን ነገር ነው የምትሸጡት፤ ፍርሃታቸውም የዱሩን በተመለከተ ትክክል ነው። በጾም ወቅት ሆቴሎች ይፈልጉታል፤ ይሁንና ከተለቀመ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ ሁለት ቀን አያልፍም። ገዢ ሳታገኙ መቶ ላስቲክ አታስፈሩ፤ በአሥር ጀምሩ። የተረፈውን አድርቁት፣ አሥር ኪሎው ወደ አንድ ኪሎ ይወርዳል።

ሁለት ሦስት ዙር ካፈራ በኋላ ላስቲኩ ውስጥ የሚቀረው ጭድ የላላና የለሰለሰ ነው፤ ለጓሮ አትክልት ኮምፖስት ይሆናል። አረንጓዴ ሻጋታ የታየበትን ላስቲክ ግን ክፍሉ ውስጥ አትክፈቱት፤ እንደታሰረ አውጥታችሁ ቅበሩት፣ ጉድጓዱም ከማምረቻው ርቆ ነፋስ ወደ ክፍሉ በማይመልስበት በኩል ይሁን።