አፍ ከተዘጋ በኋላ የሚሰማው ምርቃት

«ጋሼ፣ የእህቴን ሰርግ ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ከፍቼ ድምፁን በብሉቱዝ ስፒከር ሳወጣው ከንፈርና ድምፅ አይገጥሙም። ገና ሲጀምር ድምፁ ትንሽ ይዘገያል። እየቆየ ደግሞ ይብስበታል። 40ኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው መርቀው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ምርቃቱ የሚሰማው። ቤተሰቡ በሳቅ ሞተ፣ እኔ ግን ተናደድኩ። ስፒከሩን ልቀይር ወይስ ከቪዲዮ ሰሪው ጋር ልጣላ?»

እህቴ፣ ገና ማንንም አትጣዪ። የጻፍሽልኝ አንድ ችግር ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ ያለው እናንተ ቤት ነው፤ ሌላው ፋይሉ ውስጥ። የሚለዩትም በአንድ ጥያቄ ነው፦ ክፍተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? እኩል ከሆነ መዘግየት ብቻ ነው፣ በአንድ ቁልፍ ይስተካከላል። እየሰፋ ከሄደ የፍጥነት ልዩነት ነው። እሱን ቁልፍ ስትጫኚ ብትውዪም አታሸንፊውም፤ እዚህ ስታስተካክይው እዚያ ይላቀቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብሉቱዙን አጥፊና በላፕቶፑ በራሱ ድምፅ አጫውቺው። ገመድ ካለሽም ስፒከሩን በገመድ አገናኚው። መጀመሪያው ላይ የነበረው ትንሽ መዘግየት ከጠፋ፣ እሱ የብሉቱዙ ነበር ማለት ነው።

ብሉቱዝ ድምፁን እንዳለ አይልከውም። ላፕቶፑ ድምፁን ይጨምቀዋል፣ በአየር ይልከዋል፣ ስፒከሩ ደግሞ እንዳይቆራረጥ ትንሽ አጠራቅሞ ፈትቶ ያወጣዋል። ይሄ ሁሉ በተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል ብለሽ አስቢ። 200 ሚሊ ሰከንድ ማለት 68 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሲያወራሽ እንደ መስማት ነው። «በስልኬ ስከፍተው ደህና ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ልክ ናቸው፤ ብዙ የስልክ ማጫወቻዎች የብሉቱዙን መዘግየት አስልተው ምስሉን ራሱን ስለሚያቆዩት ነው።

በነገራችን ላይ ጆሯችን ለዘገየ ድምፅ ታጋሽ ነው። መብረቁ ብልጭ ብሎ ነጎድጓዱ ኋላ ሲመጣ ስለለመደ ይሆናል። የቀደመ ድምፅ ላይ ግን ትዕግሥት የለውም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክር ላይ ድምፅ 45 ሚሊ ሰከንድ ከቀደመ ሰው ያስተውላል፣ ከዘገየ ግን የሚያስተውለው 125 ሲደርስ ነው ይላል። ስለዚህ ስታስተካክዪ ከሚቀድም ትንሽ ቢዘገይ ይሻልሻል።

አሁን ብሉቱዙን መልሰሽ አብሪው። ቪኤልሲ ላይ ጄ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጫኚ ድምፁ በ50 ሚሊ ሰከንድ ወደፊት ይመጣል። ኬ ደግሞ በዚያው ልክ ወደኋላ ይጎትተዋል። ያንቺው የዘገየ ስለሆነ ጄን አራት ጊዜ ያህል ተጫኚና እዪው። (ማክ ከሆነ ቁልፎቹ ይለያሉ።) ኪቦርድሽ አማርኛ ላይ ከሆነ ቁልፉ ላይሠራ ይችላል፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። በዚህ ምክንያት ብቻ «ቪኤልሲዬ ተበላሸ» ብሎ ላፕቶፕ ተሸክሞ የመጣ ደንበኛ አለኝ።

ሙዚቃና ጭፈራ ላይ አትለኪው፣ ያታልልሻል። ሰው በቅርብ ሲናገር የሚታይበትን ቦታ ፈልጊና ከንፈር የሚገጥምባቸውን ፊደሎች ጠብቂ፦ ም፣ ብ፣ ፕ። «አሜን» ለዚህ የተሠራ ቃል ነው። ከንፈሩ ሲገጥም «ሜ» ከተሰማ ጨረስሽ።

ይሄ ማስተካከያ ሌላ ፋይል ስትከፍቺ ይጠፋል። ሁልጊዜ በዚያው ስፒከር የምታዪ ከሆነ ፕሪፈረንስስ (የቪኤልሲው ማስተካከያዎች) ውስጥ ግቢና ከታች በኩል «ኦል» የሚለውን ምረጪ። ኦዲዮ በሚለው ሥር የድምፅ መዘግየት ማካካሻ በሚሊ ሰከንድ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እዚያ ከዜሮ በታች 200 ብለሽ አስገቢ። ወደ ገመድ ስትመለሺ ዜሮ ማድረግ እንዳትረሺ፣ አለበለዚያ በተራው ድምፁ ሊቀድምብሽ ነው።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ብሉቱዙ ጠፍቶም ምርቃታቸው የሚዘገይ ከሆነ ልዩነቱን በሰዓት ያዢው። 40ኛው ደቂቃ ላይ ወደ 2.4 ሰከንድ ከሆነ ጥርጣሬዬ ወዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ። ብዙ ካሜራዎች «30» ይባሉ እንጂ በሰከንድ የሚያነሱት 29.97 ምስል ነው። ይሄን ፋይል አንድ ሰው በድፍን 30 ካስኬደው ምስሉ ከሺህ አንድ እጅ ይፈጥናል። በ1,000 ሰከንድ አንድ ሰከንድ ማለት ነው። 40 ደቂቃ 2,400 ሰከንድ ነው፤ ስሌቱን አንቺው ጨርሺው። ድምፁ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ምስሉ ቀድሞት ይጠብቀዋል።

ልዩነቱ እንዲህ በእኩል ካልሰፋ፣ ማለትም አንዴ ዘሎ አንዴ ከተመለሰ፣ የስልክ ቪዲዮ ተቀላቅሎበት ይሆናል። ስልክ እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ የሚያነሳውን የምስል ብዛት ይለዋውጣል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ የሙሽራውን ወንድም የስልክ ቅጂ ሳላስተካክል አስገብቼ፣ ሚዜዎቹ ከዘፈኑ ቀድመው ሲያጨበጭቡ ያሳየሁበት ሰርግ አለ። ገንዘቡን ሳልቀበል ደግሜ ሠራሁት። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ የስልኩን ቅጂ ከማቀናበር በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ወደ ቋሚ የምስል ብዛት መቀየር።

እኩል እየሰፋ የሚሄደውን ግን ራስሽም መሞከር ትችያለሽ። ኤምኬቪ ቱልኒክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ፋይሉን አስገቢ፣ የምስሉን መስመር ምረጪ፣ የምስል ብዛት በሚጻፍበት ቦታ 30000/1001 የሚለውን መርጠሽ አዲስ ፋይል አስወጪ። 29.97 ማለት እሱ ነው። ምስሉን እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይነካም፣ የሚቀየረው የሰዓቱ ምልክት ብቻ ነው። ዋናውን ፋይል ግን እንዳታጠፊ።

በዚህም ካልዳነ ቪዲዮ ሰሪው ጋር ደውዪ፣ ቶሎም ይሁን። ብዙዎቻችን ቦታ ሲጠበን የድሮ ሥራ ጥሬ ቅጂ እናጠፋለን። ስትደውዪለት «ድምፁ ተበላሽቷል» አትበዪው፤ ስፒከርሽ ላይ ያሳብባል። «በላፕቶፑ ድምፅ፣ ያለ ብሉቱዝ፣ ሲጀምር ይገጥማል፣ 40ኛው ደቂቃ ላይ 2.4 ሰከንድ ይዘገያል» በዪው። ሙያው ያለው ሰው ከሆነ ቁጥሩን ሲሰማ የቱን ቁልፍ እንደሳተ ያውቀዋል።