ጠይቁን፦ የክረምት መኪና፣ የእናት ኢንሱሊን፣ የጣሪያ ሚስማር

ሰኔ ሲቃረብ ከጅማና ከአካባቢዋ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይበረክታሉ። ለዚህ እትም የመረጥናቸው መኪናን፣ የቤት ውስጥ ሕመምንና ውሽንፍርን የሚመለከቱ ናቸው። መልሶቹን ያዘጋጁት መካኒክ፣ ነርስና አናጢ ናቸው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ቪትስ ገዝቻለሁ። ጎማው 165/70/14 ነው። ወደ ቤቴ የሚያስገባው የቆጪ መንገድ በዝናብ ስለሚቦረቦር መኪናው ሆዱን ይመታል። መካኒኩ «በስፔሰር (ሞላው ላይ በሚጨመር ማንሻ) 5 ሴንቲሜትር እናንሣው፣ ጎማውንም እናተልቀው» ብሎኛል። ማታ ወደ አጋሮ ስነዳ ደግሞ መብራቱ ደካማ ስለሆነብኝ ኤልኢዲ አምፖል ለማስገባት አስቤያለሁ። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። የቱ ይቅደም?

መልስ፦ መብራቱ ይቅደም፤ ነገር ግን ኤልኢዲ አያስገቡ። የመኪናዎ የፊት መብራት አንጸባራቂ ሳህን ለሐሎጅን አምፖል የተሠራ ነው፤ ብርሃኑን የሚያነጣጥረው የአምፖሉ ሽቦ ካለበት ነጥብ ተነሥቶ ነው። ኤልኢዲ ሲገባ ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታ ይዛነፋል። ከአፍንጫዎ ሥር ያለው አስፋልት ይደምቅልዎታል፣ ራቅ ብሎ መንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ግን አይታይዎትም፣ ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ዓይኑን ያጠፉታል።

በእንዲህ ያለ መኪና ላይ መብራት የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የፕላስቲክ ፊቱ ቢጫ ሆኖ መደብዘዙ ነው። ዙሪያውን ያለውን ቀለም በፕላስተር ይሸፍኑና ፊቱን ውሃ እያጠጡ በ1000፣ ቀጥሎ በ2000፣ ከዚያ በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሹት። የ1000ው ጭረት በ2000ው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደ 3000 ከዘለሉ ቀን ጥርት ያለ የሚመስለው ፊት ማታ ብርሃኑን ይበትነዋል። በፖሊሽ ከጨረሱ በኋላ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ክሊር ያስቀቡት። ክሊሩ ከተዘለለ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ በቴስተር መጀመሪያ የባትሪውን፣ ቀጥሎ የአምፖሉን ሶኬት ጀርባ ቮልት ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ሐሎጅን አምፖል የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መጀመሪያ ማሳውን (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሠረውን የመሬት ሽቦ) ይፍቱ፣ ዝገቱን ፍቀው መልሰው ይሰሩት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ከባትሪው በቀጥታ በሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ) አዲስ መስመር ያስዘርጉ፤ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ፊውዙ 20 አምፔር ይሁን፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ሁለት ባለ55 ዋት አምፖሎች የሚስቡት 9 አምፔር ገደማ ስለሆነ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ባለ100 ዋት አምፖል ቢያቀርቡልዎ አይቀበሉ፤ ሶኬቱን ያቀልጠዋል።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ላይ ሜዳ ቦታ ያቁሙ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ መሐል ቁመት 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ መታየት አለበት። ኋላ ሰው ሲቀመጥ አፍንጫው ስለሚነሣ ሁለት ሰው አስቀምጠውም ይዩት።

ወደ ከፍታው እንመለስ። ጎማ መቀየር የሚያነሣልዎ ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው። የ165/70/14 ጎማ ቁመት 587 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ175/70/14 ደግሞ 601 ነው። ልዩነቱ 14 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናው የሚነሣው በግማሹ፣ በ7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያውም 2.4 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል። 185/70/14 ካስገቡ ከፍታው 14 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ ነገር ግን መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ፕላስቲክ ሊነካ ይችላል።

5 ሴንቲሜትር ስፔሰር ለዚህ መኪና ብዙ ነው። ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ዘወትር ተጣምሞ ይሽከረከራል፣ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው የሲቪ ጆይንት ላስቲክ ይቀደዳል፣ ጭቃ ገብቶበት ሲዞሩ መንቋቋት ይጀምራል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠልም አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ይመታል፣ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ግን የሚቻል ነው፤ ከተሠራ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፣ ካልሆነ አዲሱን ጎማ በአንድ ክረምት ይበላዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማዎች ላይ ይለኩ። የግራና የቀኙ ልዩነት ከ1 ሴንቲሜትር ከበለጠ ሞላዎ ደክሟል ማለት ነው። ሞላ ሲቀየር ስፔሰር የፈለጉበት ከፍታ በራሱ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መብራት፣ የጎማ ጥርስ፣ አሞርዛተርና ሞላ፣ በመጨረሻ ስፔሰር ይሁን። የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በእርጥብ አስፋልት ላይ ውሃውን ከሥሩ ገፍቶ ማውጣት ስለሚሳነው ቀይሩት፤ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በዚህ ላይ መቆጠብ የለበትም።

ጥያቄ፦ የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ውሃ መንገዱ ላይ ይወጣል። ባጃጅ እስከ ምን ያህል ጥልቀት ድረስ ያልፋል?

መልስ፦ ውሃው የሚፈስ ከሆነ በጭራሽ አይለፉ። የሚፈስ ውሃ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢሆንም ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅ ደግሞ ከመኪናም ይቀላል። የቆመ ውሃ ከሆነና መሬቱን በደንብ የሚያውቁት ከሆነ ከጎማው መሐል በታች እስካለ ድረስ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጠቱን ሳያቋርጡ በዝግታ ይለፉ። ካለፉ በኋላ ፍሬኑን ደጋግመው በቀስታ ይርገጡ፤ የረጠበ ሸራ አይይዝም። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ መልሰው አያስነሡ። አየር ማስገቢያው ውሃ ስቦ ከሆነ ውሃ ስለማይታመቅ የፒስተኑ ክንድ ይጣመማል። ጎትተው ያውጡት፣ ካንዴላውን ፈትተው ሞተሩን በማዞር ውሃውን ያስተፉት። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ሳይቀይሩ አይንዱ።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ጠዋት 18፣ ማታ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ትወስዳለች። በክረምት መብራት አንዳንዴ ለሁለት ቀን ይጠፋል። እህቴ በረዶ ገዝተን ውስጡ እንክተተው ትላለች። ኢንሱሊኑ ይበላሽብን ይሆን? ድንገት ብትታመምብንስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ በረዶው ይቅር። በጅማ ክረምት የሁለት ቀን የመብራት መጥፋት ኢንሱሊን አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ከመቀዝቀዝ አልፎ በረዶ ሆኖ መርጋቱ ነው። አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይሉን አጥቷልና ይጣላል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ጥላ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ ከሣጥኑ ጋር ያለው ወረቀት ሌላ ቀን ከጻፈ እሱን ይከተሉ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱት፤ ተዘግቶ ከቆየ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያም በላይ ቢቆይ ብልቃጡን ከምድጃና ከመስኮት ርቆ በሚገኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

ኢንሱሊን ለማቀዝቀዝ የሚያገለግለው፣ እርጥብ አሸዋ በመካከላቸው ያለ ሁለት የሸክላ ማሰሮ የሚያቀዘቅዘው ውሃው በሚተንበት ጊዜ ነው። ለበጋ ጥሩ ነው። በሐምሌ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ትነቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ግን አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነውና አይጨነቁ።

አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ዩኒት ነው። እናትዎ በቀን 28 ዩኒት ስለሚወስዱ በ28 ቀን 784 ዩኒት ያልቃል፤ 216 ዩኒት ይተርፋል። የተረፈው ያሳዝናል፣ ግን ይጣል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። ደመናማውን (የደፈረሰ ነጭ መልክ ያለውን) ዓይነት ከመሳብዎ በፊት በመዳፍዎ መካከል 10 ጊዜ ያህል በቀስታ ያንከባሉት፤ አይነቅንቁት። ጓጉሎ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ዱቄት መሰል ነገር ተጣብቆ ካዩ፣ ጥርት ያለው ዓይነት ደግሞ ከደፈረሰ አይጠቀሙበት።

መርፌውን እባክዎ ይመልከቱ። ባለ100 ዩኒት ኢንሱሊን በባለ100 መርፌ ብቻ ይሳባል። በስሕተት ባለ40 መርፌ ላይ 18 ድረስ ቢሳብ የሚገባው 45 ዩኒት ነው፤ ይህ ሰው ይገድላል። ፋርማሲው የተለየ መርፌ ከሰጣችሁ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታነቡ አትውጉ።

እናትዎ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ወዲያው የደማቸውን ስኳር ይለኩ። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ደግመው ይለኩ፣ ካልተነሣ ይድገሙት፣ ሲነሣ ዳቦ ወይም እንጀራ ያብሏቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም ነገር በአፍ አይስጡ፤ በጎናቸው አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ይሮጡ።

ሲያስመልሳቸው ወይም ምግብ ሲያስጠላቸው «አልበሉም» ብሎ ኢንሱሊኑን ሙሉ በሙሉ ማቆም የተለመደ አደጋ ነው፤ ሕመም ራሱ ስኳርን ይጨምራል። በየ4 ሰዓቱ ይለኩ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ ያጠጡ፣ መጠኑን ለመቀነስ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከ300 በላይ ከሆነ፣ ውሃ ካልረጋላቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነና ከጠለቀ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ሌሊት ቢሆንም አይጠብቁ፤ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ በዚያው ቀን ይደረግ።

አንድ ያልጠየቁት ነገር እንጨምር። በክረምት እግራቸውን ማታ ማታ ይዩላቸው፤ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ያድርቁ፣ ጭቃ የማያስገባ ሽፍን ጫማ ያድርጉ። ስሜት የቀነሰ እግር ከሰል ላይ ሲሞቅ እየተቃጠለ አይታወቅም። የከሰሉን ነገር ካነሣን፣ ብርድ ነው ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ በሽተኛ አይተኛ፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል።

ጥያቄ፦ ሄርማታ ያለው ቤታችን የጭቃ ግድግዳና ባለ35 ጌጅ ቆርቆሮ ነው። ግንቦት ላይ ነፋስ የጓሮውን ጠርዝ ገልብጦታል። ጎረቤቶች ድንጋይ ጫኑበት ይሉናል።

መልስ፦ ድንጋይ አትጫኑ። ነፋስ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በክፍት በርና በጣሪያው ጠርዝ ሥር የገባው ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ሁለቱ ሲገጥሙ ድንጋዩ አብሮ ይነሣና ሰው ላይ ይወድቃል። ክብደት ሳይሆን ማሠሪያ ነው የሚያስፈልገው።

ቆርቆሮው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወጋግራው፣ ወጋግራው ከአግዳሚው፣ አግዳሚው ከቋሚው ጋር መያያዝ አለበት። ከአንዱ ጋር ያለው ማሠሪያ ከላላ የሌላው ጥንካሬ ዋጋ የለውም። ብዙ ቤት ላይ የሚላላው ወጋግራው አግዳሚው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ እዚያ አንድ ሚስማር ብቻ ይገኛል። ባለ3 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ሁለቱን እንጨቶች ዙሩበት፣ በፒንሳ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ፤ ሽቦው እንዳይንሸራተት እንጨቱን በትንሹ ቆርቁሩለት። የቋሚዎቹን ሥር ከአፈሩ በላይ በካቻቢቴ ውጉ። በቀላሉ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለ፤ ያ ቋሚ ምንም ቢታሠር አይይዝም።

ሚስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ሰርጡ ላይ ከተመታ ውሃ የሚወርደው በቀዳዳው ነው። የሚስማሩ ጎማ ተጠፍጥፎ እስኪፈነዳ አትምቱ፤ ቆርቆሮውን ነክቶ ሲጠጋ ይበቃል። ከእንጨቱ ውስጥ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ይግባ። በጠርዙ ዙሪያና በጣሪያው አናት በየሁለተኛው ጉብታ፣ መሐሉ ላይ በየሦስተኛው ይመታ፤ ነፋሱ መጀመሪያ የሚይዘው ጠርዙን ነውና። የላላ ሚስማር ነቅላችሁ በዚያው ቀዳዳ ደግማችሁ አትምቱ፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ መልሶ አይጨብጠውም። ቀዳዳውን በማሸጊያ ድፈኑና ጎኑ ላይ ምቱ፣ ወይም ባለ ጎማ ብሎን ተጠቀሙ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ35 በሚስማሩ ራስ ዙሪያ ይቀደዳል። የተገለበጠውን ጠርዝ ስትቀይሩ ለዚያ ክፍል እንኳ ባለ28 ግዙ።

አሸንዳ ከሌላችሁ ውሃውን አስሉት። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1800 ሊትር ነው፤ ዘጠኝ በርሜል። ያ ሁሉ የጭቃ ግድግዳ ሥር ከተደፋ ቋሚዎቹን ያበሰብሳል። ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ቦይ ቆፍሩ፣ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ በዝናብ ማግስት አካፋ ይዛችሁ ዝቃጩን አውጡ። ጣሪያው ላይ ያንዣበበ የግራቪላ ቅርንጫፍ ካለ በደረቅ ቀን ይቆረጥ፤ የመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትንኩት፣ ለመብራት ኃይል አመልክቱ።

ጥያቄ፦ መብረቅ ሲኖር ቴሌቪዥን ማጥፋት ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ ያላቅቁ፤ ይህንን ደመናው ሲጠቁር እንጂ ነጎድጓዱ አናታችሁ ላይ ከደረሰ በኋላ አትሞክሩት። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሴኮንድ ቁጠሩ፤ በየ3 ሴኮንዱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ደጅ ያለ ሰው ወደ ቤት ይግባ፣ ዛፍ ሥር አይጠለል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆይ። ቤት ውስጥ ከቆርቆሮ ግድግዳና ከብረት በር ራቅ በሉ። ፍሪጁንም መብራት እንደጠፋ ከሶኬት ንቀሉት፤ መብራት ተመልሶ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይቆራረጥ ከቆየ በኋላ ሰኩት።