ዙፋን ስለማይደርሳቸው የኮሪያ ልዑላን ጠይቁኝ

የጆሰን ሥርወ መንግሥት ኮሪያን መግዛት የጀመረው በ1392 ነው። ዛሬ የማወራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበሩት፣ መንገሥ ስለማይደርሳቸው የንጉሥ ልጆች ነው። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው። አደራ፣ ድራማ ላይ ያያችሁትን ታሪክ ነው ብላችሁ አታምጡብኝ።

ሌሊት አንባቢ፦ ጋሼ፣ እነዚህ ልዑላን ሥራቸው ምን ነበር?

መልስ፦ ሥራ አልነበራቸውም። ማዕረግና ቀለብ አላቸው፤ ሹመት ግን ክልክል ነው። እገዳው እስከ አራት ትውልድ ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ንጉሡ የሚፈራው የገዛ ወንድሙን ነው። በ1428 ለነሱ ብቻ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። የተማሩትን የሚያውሉበት ቦታ ግን አልተሰጣቸውም።

ጽጌ፦ የእቁባት ልጅና የንግሥት ልጅ እኩል ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። የንግሥቲቱ ልጅ «ዴጉን»፣ የእቁባት ልጅ «ጉን» ይባላል።

ሚጡ፦ ድራማ ላይ ሰይፍ ታጥቀው ሲዞሩ...

መልስ፦ ስለ ድራማ ምን አልኩ? ቀጥሉ።

የቀለም ሰው፦ ከነሱ መሃል የሚወዱት ማንን ነው?

መልስ፦ አንፕዮንግን! የታላቁ ንጉሥ ሴጆንግ ሦስተኛ ልጅ ነው፤ በ1418 ተወለደ። እጅ ጽሑፉ በዘመኑ አቻ አልነበረውም። የሰበሰባቸው ሥዕሎችና ጽሑፎች በ1445 ሲመዘገቡ 222 ነበሩ። በ1447 አንድ ሌሊት የኮክ አበባ የሞላበት ሸለቆ በሕልሙ አየ። ሕልሙን ለሠዓሊው አን ግዮን ነገረው፤ አን ግዮን በሦስት ቀን ሐር ላይ ሣለው። ሥዕሉን ስታዩት ከግራ ተራ ኮረብታ ይጀምራል፤ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ገደሉ ይጠባል፣ መጨረሻ ላይ ሸለቆው ይከፈትና ኮኩ አብቦ ይታያል። ሰው ግን የለበትም። ሊቃውንቱ ተሰብስበው ግጥም ጻፉበት። ዛሬ ጃፓን፣ ቴንሪ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው።

ጦሱም ከዚሁ መጣ። ሹመት የተከለከለ ልዑል ሰው የሚሰበስበው በግጥምና በሥዕል ነው። ሰው ከሰበሰበ ደግሞ ይፈራል። በ1453 ታላቅ ወንድሙ ሱያንግ ገና ልጅ የነበረውን ንጉሥ፣ የወንድሙን ልጅ፣ ሚኒስትሮች ገደለና ሥልጣኑን ያዘ። አንፕዮንግን አሢረሃል ብሎ ወደ ጋንግህዋ ደሴት አጋዘው፤ በኋላም በግዞት እንዳለ መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት ተደረገ።

ደረጀ፦ ሱያንግ ግን ጠንካራ ንጉሥ ነበር። ትልቁን የሕግ መጽሐፍ ያስጀመረው እሱ ነው።

ጽጌ፦ የወንድሙን ልጅ ዙፋን ነጥቆ? ይሄ ጥንካሬ ነው እንዴ?

ደረጀ፦ አገር በ12 ዓመት ልጅ ይመራል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ፤ ስለ ነገሡት ሌላ ቀን እንነጋገራለን። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሴጆንግ ልጆች እንግዴ ልጅ ሶንግጁ ውስጥ ተቀብሮ፣ በየመቃብሩ ላይ የተቀረጸ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ሱያንግ ያልደገፉትን የአምስቱን ወንድሞቹን ድንጋይ አስነሣ። ዛሬ የነሱ መሠረቱ ብቻ ነው የቀረው፤ የአንፕዮንግም እንዲሁ።

አዲስ ገብ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ልዑላኑ ምን ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ሌሊት አንባቢ፦ እገዳውን ጥሶ የተሾመ የለም?

መልስ፦ አለ። የሴጆንግ የልጅ ልጅ፣ ልዑል ጉይሶንግ። በ1467 ዓመፅ ደምስሶ ተመለሰ፤ በዓመቱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ዋና ሚኒስትር ሆነ። በ1470 «ለዙፋኑ ያሰጋል» ተብሎ ተጋዘ፤ በ1479 በግዞት ሞተ። ከዚያ በኋላ በሩ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። በ1485 ሥራ ላይ የዋለው ሕግም እገዳውን አጸናው።