0 ብር እና «የለም» አንድ አይደሉም

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። «በጃቫስክሪፕት ከሰርቨር የመጣ ኦብጀክት ውስጥ አንድ ፕሮፐርቲ መኖሩን በኢፍ ነው የማጣራው፤ አንዳንዴ ግን እያለ የለም ይለኛል፣ ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው?» ነው ያልከው። (ለጀማሪ፦ ኦብጀክት ስምና ዋጋ እያጣመረ የሚይዝ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ጥንድ ፕሮፐርቲ ይባላል፣ ኢፍ ደግሞ «ከሆነ» የሚለው ማጣሪያ ነው።) ከላይ የመለሱልህ ሁሉም ልክ ናቸው። ችግሩ አንዱ የመለሰው «ፕሮፐርቲው አለ ወይ?» የሚለውን፣ ሌላው የመለሰው «ዋጋ ይዟል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው የተምታታብህ። እኔ በዚህ ነገር ክፉኛ ስለተጎዳሁ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ለአንድ ደንበኛ የምግብ ማዘዣ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ውስጥ «ማድረሻ» የሚባል ፕሮፐርቲ አለ፣ የማድረሻ ሂሳብ ማለት ነው። ሰፈሩ ገና ካልተተመነ ሰርቨሩ ጨርሶ አይልከውም። እኔም ልክ እንዳንተ ነው የጻፍኩት፦ ኢፍ (ትዕዛዝ.ማድረሻ) ከሆነ ዋጋውን አሳይ፣ ካልሆነ «ዋጋው አልተወሰነም፣ ይደውሉልን» በል። ለሳምንታት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ለበዓል ሰሞን ደንበኛዬ ቅርብ ላሉት ሰፈሮች በነጻ እናድርስ አለ። ሂሳቡ 0 ብር ሆነ። በማግስቱ ስልኩ ፋታ አጣ። በነጻ የሚደርስላቸው ሰዎች በሙሉ «ይደውሉልን» የሚለውን አይተው ነው የሚደውሉት፣ ስልክ የምታነሳው ልጅ ደግሞ ስክሪኗ ላይ 0 ብር ስለሚታያት ምን ብላ እንደምትመልስላቸው ግራ ገብቷታል። እኔ ስህተቱን ያገኘሁት ወደ ማታ ነው።

ኢፍ «ይህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያየው ዋጋውን ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ 0ን፣ ባዶ ስትሪንግን (ምንም ያልተጻፈበትን ጽሑፍ)፣ ነልን (ሆን ተብሎ ባዶ የተደረገውን)፣ አንዲፋይንድን (ዋጋ ያልተሰጠውን)፣ ናንን (ቁጥር ያልሆነ የሂሳብ ውጤት) እና ራሱ ፎልስን (ሐሰት) በሙሉ እንደ ፎልስ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ሰውየው አስተያየት መስጫውን ባዶ ቢተወው፣ «ማስታወቂያ ይላክልኝ» የሚለውን ቢያጠፋው፣ ቀሪ ሂሳቡ 0 ቢሆን፣ ኢፍህ ሁሉንም «የለም» ይልሃል። የአንተም ነገር ይኸው ይመስለኛል።

የመኖር ጥያቄ ከሆነ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ኢን ነው፦ «"ማድረሻ" ኢን ትዕዛዝ» ብለህ ትጽፋለህ። ዋጋው 0 ይሁን ነል ግድ የለውም፣ ስሙ ካለ ትሩ (እውነት) ይላል። ግን ኢን ኦብጀክቱን ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ፕሮቶታይፑን (ኦብጀክቱ ነገሮችን የሚወርስበትን ሌላ ኦብጀክት) እየተከተለ እስከ ላይ ይወጣል። የብራውዘርህን ኮንሶል (ኮድ መሞከሪያውን) ክፈትና ባዶ ኦብጀክት ላይ «ቱስትሪንግ» ኢን ብለህ ሞክረው። ትሩ ይልሃል! አንተ ምንም አላስገባህበትም፣ ከላይ የወረሰው ነው።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ በተራ ኦብጀክት ስትቆጥር፣ «ቃሉ ካለ 1 ጨምር፣ ከሌለ ከ1 ጀምር» ትላለህ። አንድ ቀን ኮንስትራክተር የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይመጣል። ኢን «አለ» ይልሃል፣ ምክንያቱም የሁሉም ተራ ኦብጀክት ፕሮቶታይፕ ላይ በዚህ ስም የተቀመጠ ፈንክሽን አለ። ፈንክሽን ላይ 1 ስትደምር ደግሞ ቁጥር ሳይሆን የፈንክሽኑ ጽሑፍ መጨረሻው ላይ 1 ተለጥፎበት ታገኛለህ። ከተጠቃሚ የሚመጣ ስም እንደ ፕሮፐርቲ ስም የምትጠቀም ከሆነ ከነአካቴው ማፕ (ስምና ዋጋ ለመያዝ ብቻ የተሠራውን የጃቫስክሪፕት ዓይነት) ተጠቀም። ማፕ ሃዝ የሚባል የራሱ መጠየቂያ አለው፣ ውርስ የሚባል ጣጣ የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ የኦብጀክቱን የራሱን ብቻ የሚያየው ነው። የድሮው ሃዝኦውንፕሮፐርቲ ነው፦ «ትዕዛዝ.ሃዝኦውንፕሮፐርቲ("ማድረሻ")»። እኔ አሁን አልጠቀመውም። ይህ መጠየቂያ ራሱ ከፕሮቶታይፕ የሚወረስ ስለሆነ፣ ኦብጀክቱ በኦብጀክት.ክሪኤት(ነል) ከተሠራ አያገኘውም፣ ኤረር ይወረውራል። የኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው) የኲሪስትሪንግ ፓርስ፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለውን መረጃ የሚፈታው፣ የሚመልሰው ኦብጀክት እንደዚህ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ሰርቨር ላይ ስትሠራ ያጋጥምሃል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ ላይ ኦብጀክት.ሃዝኦውን ገባልን። «ኦብጀክት.ሃዝኦውን(ትዕዛዝ, "ማድረሻ")» ትላለህ፣ አለቀ። ክሮም ከ93 ጀምሮ፣ ፋየርፎክስ ከ92፣ ሳፋሪ ከ15.4፣ ኖድ ከ16.9 ያውቁታል። ብራውዘራቸው ሳይታደስ የከረመ አሮጌ ስልክ የያዙ ተጠቃሚዎች ካሉህ ግን ፖሊፊል (የጎደለውን ችሎታ የሚሞላ ኮድ) ጨምርላቸው፣ ካልሆነ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀርባቸዋል።

እንግዲህ ኢንን እርም በል ማለቴ አይደለም። ብራውዘሩ አንድ ችሎታ አለው ወይ ስትል እሱ ነው ልክ። «"ጂኦሎኬሽን" ኢን ናቪጌተር» (ናቪጌተር ስለ ብራውዘሩ መረጃ የያዘው ኦብጀክት ነው) ትሩ ሲል፣ ሃዝኦውን በዚያው ናቪጌተር ላይ ፎልስ ይልሃል፣ ምክንያቱም ጂኦሎኬሽን የተቀመጠው ፕሮቶታይፑ ላይ ነው። ክላስ ውስጥ የጻፍካቸው ሜተዶችም እንደዚያው ናቸው። ሌላ ጥሩ ጎኑ፣ ከሰርቨር የመጣውን ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ መልክ የሚላክበትን ቅርጽ) ፓርስ ማድረግ፣ ማለትም ወደ ኦብጀክት መቀየር፣ ረስተህ ስትሪንግ እንደሆነ ብትሰጠው ኢን ወዲያው በታይፕኤረር ያስቆምሃል። ሃዝኦውን ግን ዝም ብሎ ፎልስ ይልሃል፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ስትፈልግ ትውላለህ።

ነልን ለብቻው ላንሳው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጄሰን አንዲፋይንድ የሆነን ፕሮፐርቲ ሲጽፍ ጭራሽ ይጥለዋል፣ ነልን ግን ይዞት ይሄዳል። ይህን ልዩነት ተጠቀምበት። ሰውየው መገለጫውን ሲያስተካክል «ስልክ» ጨርሶ ካልመጣ «አልነካሁትም» ማለቱ ነው። ነል ሆኖ ከመጣ «አጥፉልኝ» ማለቱ ነው። ሁለቱን በአንድ ኢፍ ከጨፈለቅሃቸው፣ ወይ ቁጥሩን አጥፉልኝ እያለ አይጠፋለትም፣ ወይ ስሙን ብቻ ሲያስተካክል ስልኩ ይጠፋበታል። እዚህ ሃዝኦውን ግድ ነው። ማሳየት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግህም፣ ድርብ የጥያቄ ምልክቱ ይበቃሃል፦ «ትዕዛዝ.ማድረሻ ?? "አልተወሰነም"»። እሱ ነልና አንዲፋይንድን ብቻ ነው የሚተካው፣ 0ን አይነካም። የእኔን የዚያን ቀን ችግር የፈታው ይህች ምልክት ናት።

በአማርኛ ስም ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር። ዝርዝርህ ውስጥ «ሐረር» ብለህ አስቀምጠህ ተጠቃሚው «ሀረር» ብሎ ቢጽፍ፣ የትኛውም መጠየቂያ የለም ነው የሚልህ። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ በዩኒኮድ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ኖርማላይዝ (የዩኒኮድ ማመሳሰያውን) ብታደርገውም አይገጥሙም። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ስታስቀምጥም ስትፈልግም ወደ አንድ ፊደል የሚቀይር ትንሽ ፈንክሽን ጽፈህ መጀመሪያ በእሱ አሳልፈው።

አሁን ኢፉን ከመቀየርህ በፊት፣ «የለም» ያለህን ኦብጀክት ኮንሶል ላይ አውጣውና ያ ፕሮፐርቲ ምን እንደያዘ እይ። 0 ወይም ባዶ ስትሪንግ ከሆነ መልሱን ከላይ አግኝተሃል። ስሙ ራሱ ከሌለ ግን ነገሩ ሰርቨሩ ጋ ነው፣ መልሱ የሚዘጋጅበትን ኮድ እዚሁ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።