ከሳይበርፐንክና ከስፔስ ኦፔራ የቱን ልምረጥ?

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነሽ፤ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ መሆን ትፈልጊያለሽ፤ ግን የትኛው ዘርፍ እንደሚያዋጣ ሳታውቂ ብዕር ማንሳት ፈርተሻል። ጓደኛሽ «ሳይበርፐንክ ካልሆነ አይነበብም» ብሎሻል፤ ቴክኖሎጂው የመጠቀበትን፣ ኑሮው ግን በትልልቅ ኩባንያዎች መዳፍ የወደቀበትን ዓለም የሚተርከውን ዘርፍ ማለቱ ነው። ይባስ ብሎ ትምህርቱን ልትተዪው አስበሻል።

ከመጨረሻው ልጀምር። እንዳትተዪው! በአጭር ልብወለድ ብቻ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ከስንት አንድ ነው። ስማቸው የገነነው ደራሲዎች እንኳ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው የጻፉት። ፊዚክሱ ደግሞ እንጀራሽም ስንቅሽም ይሆናል።

ወደ ዘርፉ ስንመጣ፣ ጓደኛሽ የነገረሽ እሱ የሚወደውን ነው። እነዚህ የዘርፍ ስሞች አብዛኞቹ ከድርሰቶቹ በኋላ የመጡ ናቸው። ስፔስ ኦፔራ (በጠፈር የሚካሄድ የጦርነትና የጀብዱ ታሪክ) የሚለው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲወጣ ለተሰለቸ የጠፈር ተረት የተሰጠ ስድብ ነበር። ስቲምፐንክም እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ደራሲ ለመጽሔት በጻፈው ደብዳቤ ላይ በቀልድ መልክ ጣል ያደረገው ነው፤ የእንፋሎት ማሽን ዘመን ታሪኮቹ ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ። ማንም ስም መርጦ አልጀመረም።

ልዩነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። አንዲት ልጅ ማርስ ላይ ሆና እናቷ ጋ ደወለች እንበል። ድምጿ ምድር ለመድረስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ብላ መልሱን ለመስማት አንዳንዴ ከ40 ደቂቃ በላይ ትጠብቃለች ማለት ነው። ሃርድ ሳይንስ ፊክሽን (የሳይንስን ሕግ አጥብቆ የሚከተለውን ዘርፍ) የምትጽፊ ከሆነ ይህን ጥበቃ መዝለል አትችይም፤ አንባቢሽ ካልኩሌተር ይዞ ነው የሚያነብሽ፤ ደግሞም ልጅቷ የእናቷን ለቅሶ የምትሰማው እናትየው እንባዋን ጠርጋ ሌላ ነገር ማውራት ከጀመረች በኋላ መሆኑ ራሱ አንድ ታሪክ ይወጣዋል። በስፔስ ኦፔራ ስልኩ ወዲያው ይነሳል፣ ማንም አይጠይቅሽም፤ አንባቢው የመጣው ለጦርነቱና ለዙፋኑ ነው። በሳይበርፐንክ ደግሞ ጥያቄው መስመሩ የማን ነው የሚል ነው። ኩባንያው ይጠልፈዋል? ሒሳቧ ሲያልቅ በመሐል ይቆርጥባታል? አማራጭ ታሪክ (ታሪክ በሌላ መንገድ ቢሄድስ የሚለው)፣ ዲስቶፒያ (ኑሮው ሲኦል የሆነበት ዓለም) ምናምን የሚባሉትም እንዲሁ የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ እያነበብሽ ትደርሺባቸዋለሽ።

እና ይህችኑ የስልክ ጥሪ በሦስቱም መንገድ አንዳንድ ገጽ ጻፊያት። አላስቆም ያለሽ ለጊዜው ያንቺ ነው። ቀጣዩን ስትጽፊ ብትቀይሪ ማንም አይከስሽም።

ከዚያ አጭር ልብወለድ ጨርሺ። ለሳይንስ ልብወለድና ለፋንታሲ በሚሰጠው በሁጎ ሽልማት መለኪያ አጭር ልብወለድ ማለት ከ7,500 ቃላት በታች ነው፣ ረጅሙ ከ40,000 ይጀምራል። ከረጅሙ አትጀምሪ፣ መሐል ላይ ነው የሚጥልሽ። መጽሔት ጋ ከመላክሽ በፊት የጻፉትን መመሪያ ቃል በቃል አንብቢ፣ ያወጧቸውን ታሪኮችም እንዲሁ። የዘርፉ ስም የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው፤ አዘጋጁ ምን እንደላክሽለት በአንድ መስመር ይረዳል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) አስጽፎ መላክ ግን አይታሰብም። ክላርክስወርልድ የተባለው የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲጎርፍበት ለተወሰነ ጊዜ በሩን ዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ብዙ መጽሔቶች በግልጽ ይከለክላሉ።