ከሰልፉ መጨረሻ የቆመው ሰው፦ ስለ አሜሪካ የባንክ ግርግር ጥያቄና መልስ

በቀደም ስለ 1907ቱ የኒውዮርክ የባንክ ግርግር ጥቂት አንስቼ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ብዙ ዓመት ከባንክ መስኮት ኋላ ገንዘብ ስቆጥር ስለኖርኩ፣ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌም የሚታየኝ ሰልፉ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰው የራሱን ገንዘብ ስጡኝ ስላለ ባንክ እንዴት ይወድቃል? ካዝና ውስጥ አይደል እንዴ ያለው?

መልስ፦ ካዝና ውስጥ የሚያድረው ጥቂቱ ነው ልጄ። አብዛኛው በብድር ወጥቷል። ገበሬው ዘር ገዝቶበታል፣ ነጋዴው ዕቃ አስገብቶበታል፣ አንዱ ቤት እየሠራበት ነው። ያ ብድር የሚመለሰው በወራት፣ አንዳንዱም በዓመታት ነው። አስቀማጩ ግን ደብተሩን ይዞ መጥቶ "አሁን" ማለት ይችላል። በደህናው ቀን አንዱ ሲያወጣ ሌላው ስለሚያስገባ ማንም ልብ አይለውም። እቁብን አስበው። ሁሉም አባል በአንድ እሁድ "ዕጣው ለኔ ይሁን" ቢል ዳኛው ከየት ያመጣል? ገንዘቡን ማንም አልሰረቀውም፤ እጅ ላይ ግን የለም።

ጥያቄ፦ የ1907ቱ ከየት ተነሳ?

መልስ፦ ከመዳብ አክሲዮን። አውጉስተስ ሃይንዝ የሚባል በመዳብ የከበረ ሰው ነበር። ወንድሙ ኦቶ የዩናይትድ ኮፐርን አክሲዮን እየሰበሰበ ዋጋውን ለመስቀል ሞከረ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ አልሆነለትም፣ ዋጋው ተንኮታኮተ። ሰዉ ወዲያው "ከሃይንዝ ጋር የሚሠራው ባንክ የቱ ነው?" ማለት ጀመረ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ኒከርቦከር ትረስት የሚባል ትልቅ ድርጅት ደጃፍ ደረሰ፤ ፕሬዚዳንቱ ቻርልስ ባርኒ ከነሃይንዝ ጋር ንክኪ አለው ተባለ። ኦክቶበር 21 አንድ ሌላ ባንክ "ከእንግዲህ የኒከርቦከርን ቼክ ተቀብዬ አላጣራም" አለ። በማግስቱ ጠዋት ሰዉ በሩን አጨናነቀው። ኒከርቦከር ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ መስኮቱን ዘጋ።

እንደ ኒከርቦከር ያሉት ትረስት የሚባሉ ድርጅቶች የሰው ገንዘብ ስለሚያስቀምጡ ባንክ ይመስላሉ እንጂ ሕጉ ለእነሱ ላላ ያለ ነበር። የሚይዙት መጠባበቂያ ከባንኮቹ ያነሰ ነው። ባርኒ በሚቀጥለው ወር ራሱን በሽጉጥ አጠፋ።

ጥያቄ፦ ያን ጊዜ አሜሪካን ያዳናት የኒውዮርኩ ባለ ባንክ ጄ. ፒ. ሞርጋን ነው ይባላል። ጀግና ነው ወይስ ገበያውን ያሾረ ሀብታም?

መልስ፦ ያደረገውን አልክድም። ትረስት ካምፓኒ ኦፍ አሜሪካ በሚባል ሌላ ትረስት ላይ ሰልፉ ሲጀመር ቤንጃሚን ስትሮንግ የሚባል የባንክ ሰው መዝገቡን እንዲመረምር አደረገ። ድርጅቱ ጤነኛ መሆኑን ሲሰማ ችግሩ እዚህ ጋ ይቁም ብሎ ገንዘብ አሰጠ። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ደግሞ የትረስቶቹን አለቆች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰብስቦ በሩን ቆለፈባቸው። ለደካሞቹ ብድር ለማዋጣት ሳይፈርሙ ማንም አልወጣም። ሲፈርሙ ሊነጋ ነበር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የአንድ አገር ሕዝብ ቁጠባ በአንድ የ70 ዓመት ሽማግሌ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቢታመምስ? አሜሪካኖችም ይህን ጠየቁ። በዲሴምበር 1913 የአገሪቱን ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭን ያቋቋመው ሕግ የወጣው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፌደራል ሪዘርቭ ከተቋቋመ በ1930ዎቹ ያ ሁሉ ባንክ ለምን ወደቀ?

መልስ፦ የዛሬው ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ፣ መከራው የጀመረው በ1930ዎቹ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴና የበቆሎ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ገበሬው ተበድሮ መሬት ገዛ። ጦርነቱ አልቆ ዋጋው ሲወርድ ዕዳው ባለበት ቀረ። በ1920ዎቹ በየዓመቱ በአማካይ ከ600 በላይ ባንኮች ይዘጉ ነበር፣ አብዛኞቹ የገጠር ከተማ ባንኮች ናቸው። ጋዜጣው ስለ ዎል ስትሪት ደስታ ሲያወራ አዮዋና ኔብራስካ ውስጥ ሰው ቁጠባውን እያጣ ነበር።

ሁለተኛ፣ የብዙ ግዛቶች ሕግ ባንክ ቅርንጫፍ እንዳይከፍት ይከለክል ነበር። ስለዚህ አገሪቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ትናንሽ ባንኮች ተሞላች። የአንድ ከተማ ባንክ ብድሩን የሚሰጠው ለዚያው ከተማ ገበሬ ነው። አንድ ክረምት ዝናብ ሲጠፋ ሁሉም ተበዳሪ አብሮ ይወድቃል። ካናዳን እዩ። ጥቂት ትልልቅ ባንኮች በመላ አገሪቱ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በዚያ ሁሉ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመት አንድም የካናዳ ባንክ አልወደቀም።

ሦስተኛ፣ ፌደራል ሪዘርቭ የሚያበድረው ለአባሎቹ ነው። አብዛኞቹ ትናንሽ ባንኮች አባል አልነበሩም። ጭራሽ በ1931 መገባደጃ እንግሊዝ ገንዘቧን በወርቅ መመንዘር ስታቆም፣ ፌደራል ሪዘርቭ ወርቁ እንዳይወጣበት ብሎ ወለድ ጨመረ። ውኃ ለጠማው ሰው ጉድጓዱን መክደን ማለት ነው። ከ1930 እስከ 1933 ባለው ጊዜ 9,000 ገደማ ባንኮች ተዘጉ።

ጥያቄ፦ "ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ" የሚባል ወደቀ ሲባል ሰማሁ። የመንግሥት ባንክ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም እህቴ። ስሙ ግን ብዙዎችን ሸውዷል። ኒውዮርክ ያለ የግል ባንክ ነው። 400,000 ገደማ አስቀማጮች ነበሩት፣ ብዙዎቹ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ አይሁድ ስደተኞች። በዲሴምበር 10 ቀን 1930 ብሮንክስ ባለው አንድ ቅርንጫፍ ወሬ ተነሳ። አንድ ነጋዴ የባንኩን አክሲዮን ሽጡልኝ ብሎ ሲጠይቅ አትሽጥ ብለው መክረውታል። እሱ ወጥቶ "እምቢ አሉኝ" አለ ይባላል። እስከ ማታ መንገዱ በሺዎች ተጥለቀለቀ። በማግስቱ ባንኩ በሩን አልከፈተም። አለቆቹ ኋላ በወንጀል ተከሰው ታሰሩ። አስቀማጮቹ ውሎ አድሮ ከ80 በመቶ በላዩን አገኙ። ነገር ግን በዚያ ክረምት የቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው "ውሎ አድሮ" ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄ፦ እርስዎ ከፋይ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን ከፋዩ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ ልውሰዳችሁ፣ ጊዜው የ1931 በጋ ነው። ማሪነር ኤክልስ የሚባል የባንክ ባለቤት ጎረቤቱ የሆነ ባንክ ሊዘጋ መሆኑን ሰማ። ከፋዮቹን ሰብስቦ መከራቸው። ማንንም አትመልሱ፣ ግን ቀስ በሉ። የምታውቁት ደንበኛ ቢሆንም ፊርማውን ከመዝገብ አውጥታችሁ አመሳክሩ። በትናንሽ ኖት ክፈሉ፣ ደግማችሁ ቁጠሩ። እኔ ይህን ሳነብ ጣቶቼ ያውቁታል። የአምስትና የአንድ ዶላር ኖት መቁጠር ስንት ደቂቃ እንደሚበላ የቆጠረ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ከፌደራል ሪዘርቭ ገንዘብ የጫነ መኪና ደረሰ። ጠባቂዎቹ ጆንያውን ተሸክመው በሕዝቡ መሀል አለፉ። ኤክልስ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ገንዘብ መጥቷል፣ በሰዓታችን አንዘጋም፣ የፈለገ ሁሉ ይወስዳል አለ። ሰዉ ተረጋጋ። በማግስቱ ደግሞ ትእዛዙ ተገላበጠ። በጠዋት ክፈቱ፣ ቶሎ ቶሎ ክፈሉ፣ ሰልፍ እንዳይፈጠር። ሰልፍ ራሱ ሰልፍ ይጠራላና። ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ የፌደራል ሪዘርቭ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ግን ጥፋቱ የሕዝቡ ይመስለኛል። በወሬ እየሮጡ ደህናውን ባንክ ገደሉት።

መልስ፦ በዚህ አልስማማም። ዋስትና በሌለበት አገር ቀድሞ የደረሰ ሙሉውን ይወስዳል፣ ዘግይቶ የደረሰ ባዶ እጁን ይቀራል። ባንኩ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ሌሎቹ ከሮጡ ይወድቃል። ታዲያ አራት ልጅ ያላት ልብስ ሰፊ ምን ታድርግ? መሮጧ ልክ ነው። ሁሉም ልክ የሆነውን ሲያደርግ ግን ባንኩ ይሞታል። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥራው መውጣት ያልተፈቀደለት፣ ቋንቋውን የማያውቀው፣ ወሬው ዘግይቶ የደረሰው ሰው ነው። ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ያወጡትን የት ያስቀምጡት ነበር?

መልስ፦ ፍራሽ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ፖስታ ቤት። ፖስታ ቤቱ ከ1911 ጀምሮ በመንግሥት ዋስትና ቁጠባ ይቀበል ነበር፣ ስደተኞች ይወዱት ነበር። ባንክ የጠፋባቸው ከተሞች ደግሞ የራሳቸውን መገበያያ ያትሙ ነበር። በዋሽንግተን ግዛት ቴኒኖ የምትባል ትንሽ ከተማ ባንኳ ሲዘጋ በስስ እንጨት ላይ ገንዘብ አተመች።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ ምን አቆመው?

መልስ፦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ማርች 4 ቀን 1933 ሥልጣን ሲይዝ በአብዛኛው ግዛት ባንክ ወይ ተዘግቷል ወይ ክፍያ ገድቧል። እሱም የቀሩትን ጨምሮ ሁሉንም ዘጋ። መርማሪዎች ጤነኞቹን ለዩ። እሁድ ማርች 12 ማታ በሬዲዮ ቀርቦ ባንክ ምን እንደሚሠራ በቀላል ቋንቋ አስረዳ፤ ከፍራሽ ስር ይልቅ የተከፈተ ባንክ ይሻላል አለ። ሰኞ ባንኮች ሲከፈቱ ሰልፍ ነበር፣ ግን የዚያን ቀን ሰዉ የመጣው ሊያስገባ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ሕግ ወጣ። ሩዝቬልት ራሱ መጀመሪያ አልወደደውም ነበር፣ የገፉት የምክር ቤት ሰዎች ናቸው። ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ እስከ 2,500 ዶላር ዋስትና ተሰጠ። በዚያ ዓመት ከወደቁት ባንኮች መድን የነበራቸው 9 ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እናቴ እስከ ዛሬ ባንክ አታምንም፣ ገንዘቧን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ምን ልበላት?

መልስ፦ እንዳትቆጣት። ከመስኮቱ አጠገብ "ኤፍዲአይሲ" (FDIC)፣ ማለትም የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምልክት ያለበት ባንክ ውሰዳት። ዛሬ ዋስትናው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ነው። አባላቱ በጋራ የያዙት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ክሬዲት ዩኒየን ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ የመንግሥት መድን አለው። ስልክ ላይ ባሉ የገንዘብ መላኪያ አፖች የሚያድር ገንዘብ ግን ሁልጊዜ በዚህ አይሸፈንም፣ እሱን ለይታችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ትንሽ ታስገባ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ ሂዱና ራሷ ታውጣ፣ ከፋዩም ፊቷ ይቁጠርላት።